ፍልፈሉ ጉድጓድ አጠገብ፦ ስድስት ቀን በባሌ ተራሮች

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዲንሾ

ከቤት የወጣነው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነው። መኪናውም የወንድሜ፣ ሾፌሩም ወንድሜ። የኋላው ወንበር ላይ ሁለት ብርድ ልብስ አለ። እናታችን የቋጠረችልን ዳቦ ቆሎና በሶ አለ። በፎጣ ጠቅልዬ እንደ ጨቅላ ያስተኛሁት ሌንስም አለ።

ሌንሱ የኪራይ ነው። ባለ 400 ሚሊ ሜትር፣ በቀን 1500 ብር። ለስድስት ቀን 9000 ብር ከፍያለሁ። ይህን ሁሉ ብር ያወጣሁት ለአንድ ፎቶ ብዬ ነው። ቀይ ቀበሮ፣ ፊቱ ብቻ፣ ፍሬሙን ሞልቶ፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር እየተቆጠረ። እንደዚያ ያለ ፎቶ ስልኬ ላይ ካስቀመጥኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ማታ ማታ እያወጣሁ አየዋለሁ።

የአዳማን ፈጣን መንገድ በጨለማ ጨረስነው። አሰላ ስንደርስ ነጋ። ከአሰላ ወዲያ ያለውን መንገድ በታኅሣሥ ያላየ ሰው ቢያየው ደስ ይለኛል። የአጨዳ ወቅት ነው። ግራና ቀኙ ስንዴና ገብስ ነው። በአንዱ ማሳ ኮምባይነር ያጭዳል፣ ቀጥሎ ባለው ገበሬው በበሬ ያበራያል። በቆጂ ላይ ሯጮቹን አገኘናቸው። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራ አገር ነው፤ ጠዋት ጠዋት የመንገዱ ዳር የልጆቹ ነው። ቁርስ እዚያው በላን። ጾመ ነቢያት ስለሆነ ሽሮና ሻይ፣ ለሁለት ሰው 260 ብር። እኛ ሰፈር ይህ የአንድ ሰው ሒሳብ ነው።

አሳሳን አለፍ እንዳልን የኋላ ጎማችን ተነፈሰ። ትርፍ ጎማውን ስናወጣው እሱም አየር የለውም። ወንድሜ ጎማውን ባጃጅ ላይ ጭኖ ወደ አሳሳ ተመለሰ። ጎሚስታው 200 ብር፣ ባጃጁ ደርሶ መልስ 300 ብር። ብሩ አይደለም የቆጨኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ጠፋ። የጠዋቱ ብርሃን በዚያው ሄደ።

ጋይሳይ ሜዳ የደረስነው ከቀኑ 7 ሰዓት አልፎ ነው። ከአዳባ ወደ ዲንሾ ሲመጣ አስፋልቱ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ጫፍ በኩል ያልፋል። ሣሩ ላይ የደጋ አጋዘኖች ተኝተዋል። ብዙ ሰው ኒያላ የሚላቸው ናቸው። 10 ሳንቲማችን ላይ ያለው እንስሳ ይኸው ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። ከመኪናው ሳልወርድ ሁለት መቶ ያህል ፎቶ አነሣሁ። ማታ ሳያቸው አንዱም አይረባም። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የእንስሳው ጀርባ ይነጣል፣ ሆዱና ዓይኑ ይጠቁራል። በዚያ ላይ መሬቱ ሲሞቅ ከላዩ የሚነሣው አየር ይርገበገባል። በረጅም ሌንስ ከሩቅ ሲታይ ሁሉም ነገር በእንፋሎት ውስጥ ያለ ይመስላል። ሌንሱ ተበላሽቷል ብዬ ደንግጬ ነበር።

ዲንሾ የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ነው። የመግቢያ ክፍያችንን ከፍለን አስጎብኚ ያዝን። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ዝምታ የሚያበዙ ሰው ናቸው። እኔም ወንድሜም ጋሼ አልናቸው፣ እሳቸውም ልጄ አሉን። ያደሩበትን ካፖርት ሳያወልቁ ነው ከእኛ ጋር የሰነበቱት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5. ጋይሳይ፣ ከዚያ ጎባ

ሌሊት ብርዱ ከቁም ነገር በላይ ነበር። ሁለቱን ብርድ ልብስ ደርበን ለብሰን እንኳ እግሬ አልሞቅ ብሎኝ አደረ። ለአልጋው 600 ብር ከፍለናል። ጠዋት ከክፍሉ ስንወጣ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ጋይሳይ ነበርን። ጉም ሜዳው ላይ ተኝቷል። አጋዘኖቹ ከጉሙ መሐል አንድ በአንድ ይወጣሉ። መጀመሪያ የወንዶቹ የተጠማዘዘ ቀንድ፣ ቀጥሎ ጆሮ፣ ቀጥሎ በዓይኖቻቸው መሐል ያለችው ነጭ መስመር። ከአፋቸው የሚወጣው ትንፋሽ በፀሐዩ ላይ ይታያል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሹተሩን እጫናለሁ።

ችግሩ አጎንብሰው ነው የሚግጡት። ቀና አይሉም። ወንድሜ ሊረዳኝ ብሎ የመኪናውን ጥሩምባ አጭር ነፋ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ቀና አሉ። ጆሮ ተቀስሮ፣ አንገት ተመዞ፣ ሃያ ዓይን ወደ እኔ። ታታታታ አደረግኩት። ካሜራው ላይ ሳየው ቆንጆ ነው አልኩ። ጋሼ በትከሻዬ በኩል አዩት።

«ልጄ፣ ይሄን ያነሣሽው ሲፈሩ ነው» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ደግሜ አየሁት። እውነታቸውን ነው። እንስሳው ፎቶው ውስጥ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኛን መፍራት። ከጥሩምባው በፊት ያለውን ፍሬም አየሁ። አንዲት እናት ጎንበስ ብላ የግልገሏን ጀርባ ትልሳለች። ትንፋሿ ግልገሉ ላይ እንደ ጭስ ተኝቷል። ፊቷ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። ግን ያ ፎቶ ውስጥ ሁለት ፍጥረታት እየኖሩ ነው። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ጥሩምባ አልነካም፤ ሞተሩን ራሱ አጥፍቶ ነው የጠበቀው።

በሮቤ በኩል ጎባ ገባን። ክፍሉ 800 ብር፣ ሙቅ ውኃ አለው። እራት ላይ ለወንድሜ የ2009 እ.ኤ.አ.ውን ታሪክ ነገርኩት። በለንደኑ ታላቅ የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር አንድ ተኩላ በሌሊት የእንጨት በር ሲዘል የሚያሳይ ፎቶ አንደኛ ወጣ። ፎቶው በብርሃንም፣ በቅጽበትም፣ በአቀማመጥም እንከን የለውም። በጥር 2010 እ.ኤ.አ. ግን ሽልማቱ ተነሣ። ዳኞቹ ተኩላው ሰው የለመደ፣ እንዲዘል የተደረገ ሳይሆን አይቀርም ብለው ደመደሙ። አንሺው አልተቀበለውም።

«ፎቶው ግን ያው ፎቶ ነው አይደል?» አለኝ ወንድሜ። «አንድም ነገር አልተቀየረበትም።»

ለእኔ ተቀይሯል። ያ ዝላይ የተኩላው ረሃብ ነው ብዬ አምኜ ነበር የማየው። ረሃቡ ከሌለ የቀረው ጥሩ ዝላይ ነው። የእኔም የጥሩምባ ፎቶ እንደዚያው ነው። ያን ማታ ሳልተኛ በፊት ከካርዱ ላይ አጠፋሁት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6. ሳኔቲ

ከጎባ ወደ ሳኔቲ የሚወጣው መንገድ አፍሪካ ውስጥ ካሉት ከፍተኛ የመኪና መንገዶች አንዱ ነው። መጀመሪያ ጽድና ኮሶ ነው። ከዚያ አስታ። ከዚያ ዛፍ ያልቅና ሰማይ ብቻ ይቀራል። አምባው 4000 ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው እዚህ ጫማውን ለማሰር ሲያጎነብስ ያርፋል። ወንድሜን ራስ ምታት ያዘው። ጋሼ ውኃ ጠጣ፣ አትሩጥ፣ አትቸኩል አሉት። ሻይ በዝንጅብል በፔርሙዝ ይዘን ነበር፣ እሱ አዳነን።

ሳኔቲ ባዶ ይመስላል። ብርማ ቅጠል ያለው አጭር ቁጥቋጦ፣ ድንጋይ፣ ትንንሽ ኩሬዎች። እዚህም እዚያም ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ብቻውን ቆሟል፤ ሰው የቆመ ይመስላል። ቆም ብለው ሲያዩት ግን መሬቱ ይንቀሳቀሳል። አይጥ ነው። በየእርምጃው አንድ ጉድጓድ፣ ከየጉድጓዱ አንድ ጭንቅላት። ቀይ ቀበሮ እዚህ የኖረው ለዚህ ነው። እንደ ተኩላ ያሉት ዘመዶቹ በመንጋ ያድናሉ፤ እሱ በመንጋ ይኖራል፣ አደኑን ግን ብቻውን ነው የሚወጣው። አይጦቹ ቀን ስለሚወጡ እሱም ቀን ይሠራል። ለፎቶ አንሺ ይህ ትልቅ ችሮታ ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጣ። መንገዱን ይዞ፣ ቀጥ ብሎ፣ ወደ መኪናችን። ልቤ ድው ድው አለ። ሞተሩ ጠፍቷል። መስኮቱ ተከፍቷል። ሌንሱን ባቄላ የሞላሁበት ከረጢት ላይ አስደግፌያለሁ። አሥራ አምስት ሜትር ሲቀረው ቆመና አየን። ቀይ ፀጉር፣ ነጭ ጉሮሮ፣ ረጅም ቀጭን አፍ። ሽፋሽፍቱ ይቆጠራል። አነሣሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ የተመኘሁትን ፎቶ ሳኔቲ በረገጥኩ በሁለተኛው ሰዓት አገኘሁት። እንባ መጣብኝ፣ አልዋሽም።

ለጋሼ አሳየኋቸው። ካሜራውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከፀሐይ በካፖርታቸው ጋርደው አዩት።

«በጣም ያምራል» አሉ። «የት ነው ያለው?»

«እዚሁ ነው እንጂ ጋሼ፣ አሁን ያለፈው እኮ ነው።»

«እሱንማ አይቻለሁ። ይሄን ያላየ ሰው ግን የት ነው ቢል ምን ትዪዋለሽ? በረት ውስጥ ቢሆንስ?»

መልስ አልነበረኝም። ከበስተኋላው ያለው ሁሉ ደብዝዞ አንድ ቡናማ ቀለም ሆኗል። ያን ድብዝዝታ ነው በቀን 1500 ብር የተከራየሁት። ሳኔቲ የለም። ጅብራ የለም። ብርዱ የለም። አይጡ የለም። አገሩ ከኋላው ተፍቆ ቀበሮው ብቻ ቀርቷል።

ቀሪውን ቀን ስለ ቀበሮው ስጠይቃቸው ዋልኩ። በኦሮምኛ ጀዳላ ፈርዳ እንደሚባል ነገሩኝ፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ፈረስ ስትወልድ እንግዴ ልጁን ለመብላት ስለሚከተል ነው ይላሉ። ከብቶች ሲሰማሩ በመሐላቸው ተደብቆ እንደሚያድንም ነገሩኝ፤ አይጡ ከብቱን ስለማይፈራ። ትልቁን ፍልፈል ደግሞ አሳዩኝ። በዓለም ላይ ያለው ባሌ ብቻ ነው። ክብደቱ እስከ ኪሎ ይደርሳል። ዓይኖቹ ወደ አናቱ ስለወጡ ጭንቅላቱን ብቅ ሲያደርግ መጀመሪያ የሚያየው ሰማዩንና ዙሪያውን ነው። ከጉድጓዱ ሙሉ ለሙሉ አይወጣም። ግማሽ አካሉን ውስጥ ትቶ የደረሰበትን ሣር ይነቅልና ወደ ኋላ ይገባል።

«ቀበሮውን አትከተዪ» አሉኝ ስንመለስ። «ጉድጓዱን ያዢ። እሱ ራሱ ይመጣል።»

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7. ሳኔቲ፣ ለሁለተኛ ጊዜ

ከጎባ የተነሣነው ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ነው። ጨረቃዋ ሙሉ ናት። መብራት ቢጠፋ እንኳ መንገዱ ይታያል። ውርጩ መስታወቱ ላይ ስለጋገረ ወንድሜ በስልክ ካርድ እየፋቀ ነው የነዳው።

ባሌ ከምድር ወገብ የሚርቀው 7 ዲግሪ ገደማ ነው። ፀሐይ ሽቅብ ነው የምትወጣው። ያ ለስላሳ ወርቃማ ብርሃን ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው። ስለዚህ ቦታህን በጨለማ መያዝ አለብህ። ጋሼ ትኩስ አፈር የተከመረበት የፍልፈል ጉድጓድ መርጠው ከነፋሱ በታች፣ ስልሳ እርምጃ ያህል ርቀን፣ ድንጋይ ጥግ አስቀመጡን። ሆዴ ላይ ተኛሁ። መሬቱ በጃኬቱ አልፎ አጥንት ይነካል። የመጀመሪያው ባትሪ በብርዱ ምክንያት ወዲያው አለቀ። ሁለተኛውን ብብቴ ሥር ይዤው ነበር፣ እሱ ተረፈ። ወደ ባሌ የሚሄድ ሁሉ ይህን ያድርግ።

ረጅሙን ሌንስ አወጣሁና የራሴን አጭሩን ሌንስ ገጠምኩ። ወንድሜ ገርሞት አየኝ።

ፀሐይ ወጣች። ጨረቃዋ በስተምዕራብ ገና አልጠለቀችም። ፍልፈሉ አፈር ገፋ። አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ከየት መጣች ሳይባል አፈሩ ላይ አረፈች። ጋሼ በጆሮዬ ነገሩኝ፤ አፈሩ ውስጥ የሚወጣውን ትል ልትለቅም ነው። ፍልፈሉም ይጠቀምባታል፤ አደጋ ስታይ ትጮኻለች፣ ጩኸቷን ሲሰማ ይሰወራል። ሰማያዊ ክንፍ ዝይዎች ወደ ኩሬው አለፉ። ሌላ ምንም የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም የለም። ወርቃማው ብርሃን እያለቀ ነው። ተነሥተን መኪናውን ይዘን ብንፈልግ ይሻላል የሚል ሐሳብ ሁለት ሦስቴ መጣብኝ።

ከቀኝ መጣ። አካሄዱ ትናንት በመንገድ ላይ ያየሁት አይደለም። ሆዱ ሣሩን ይነካል። አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ዝም። አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ዝም። ከጉድጓዱ አምስት ሜትር ሲቀረው አንድ እግሩን እንዳነሣ ደረቀ። ጆሮው ብቻ ወደ ጉድጓዱ ይታጠፋል። ወፏ አልጮኸችም። እኛ ስለመኖራችን ግድም አልሰጠው። በዚያች ደቂቃ ለዚያ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ያ ጉድጓድ ብቻ ነበር።

ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ያነሣሁት። ቀበሮው ከፍሬሙ ዘጠኝ እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ከፊት አዲሱ አፈርና ወፏ። ከኋላ ሁለት ጅብራ። ከዚያ ወዲያ ቱሉ ዲምቱ፣ 4377 ሜትር፣ ስሙ እንደሚለው ቀይ ሆኖ። ከዚያ ዘለለ። ዝላዩን አነሣሁት፣ ግን ደብዝዟል፤ ሹተሬን አላፈጠንኩም ነበር። ፍልፈሉም አመለጠ። ቀበሮው አፈሩን ሁለት ሦስቴ ቆፈረ፣ አሸተተ፣ ተስፋ ቆረጠና ሽንቱን ሸንቶ ሄደ።

ዝላዩ ስለደበዘዘ ለጊዜው አንገበገበኝ። ቆይቼ ሳስብ ግን ከዝላዩ ይልቅ ያ የተነሣው እግር ይበልጥብኛል። ዝላዩ ውስጥ ነገሩ አልቋል። እግሩ እንደተነሣ ግን ይዘል ይሆን፣ ያገኝ ይሆን፣ ወፏ ትጮኽ ይሆን፣ ሁሉም ክፍት ነው። ተመልካቹ አብሮ ይጠብቃል። ደግሞ ያን ፎቶ ለማንሣት ቀበሮ ማየት አይበቃም። የፍልፈሉን ዓይን፣ የወፏን ጥቅም፣ የነፋሱን አቅጣጫ ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ አላውቅም ነበር። ያወቁልኝ ጋሼ ናቸው፤ የፎቶው እኩሌታ የእሳቸው ነው።

ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ወደ ሌላ ሸንተረር ተሻገርን። በእግር ነው። ድንጋይ ከተከመረበት ቁልቁለት ሥር ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙን። ቀጭን ጩኸት ይሰማል። ቡችሎች ናቸው። የሚወለዱት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፤ እነዚህ ገና ከጉድጓዱ አፍ መውጣት የጀመሩ መሆን አለባቸው። አንዲት ትልቅ ቀበሮ ከድንጋዩ ላይ ተነሥታ አየችን። ጮኸች።

ረጅሙ ሌንስ ጀርባዬ ላይ ነው። ከመቶ ሜትር ብዙም አይርቅም። እጄ ወደ ዚፑ ሄደ።

«ተዪው ልጄ» አሉኝ። «ከተረበሸች በአፏ እያንጠለጠለች ሌላ ጉድጓድ ትወስዳቸዋለች። በዚህ ብርድ።»

የመጣንበትን ረግጠን ተመለስን። መንገድ ላይ ነው የቀረውን የነገሩኝ። በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚህ ባሌ ናቸው። ትልቁ ጠላታቸው ከቤት ውሾች የሚጋባባቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እሳቸው ወረርሽኙን በዓይናቸው አይተዋል። ጠዋት ሲወጡ ሬሳ ያገኙ ነበር። ለውሾቹ ክትባት ሲሰጥም ውሻ ይዘው ከሚቆሙት አንዱ ነበሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ስለ ዘመድ ሞት የሚያወሩ ይመስላሉ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8. ሐረና

ከሳኔቲ ደቡባዊ ጫፍ መሬቱ ድንገት ይቆረጣል። ከታች ደመና፣ ከደመናው ሥር የሐረና ጫካ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ፍሬናችን እስኪሸት ድረስ በሁለተኛ ማርሽ ወረድን።

እዚህ አንድ ስሕተት ሠራሁ። ከላይ በብርድ የከረመውን ካሜራ እታች ሙቀቱ ውስጥ በቀጥታ አወጣሁት። ሌንሱ ከውጭም ከውስጥም ላበው። አንድ ሰዓት ያህል ጉም ብቻ ነው የሚታየኝ። በኪራይ ዕቃ ላይ እንዲህ ሲሆን ሆድ ይባባል። በፌስታል አስሮ ከቦርሳው ሳያወጡ ቀስ ብሎ እንዲሞቅ መተው ነበር። ደግነቱ ደርቆ ምንም አልሆነም።

በአስታው ዛፍ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል፣ ነፋስ ሲነካው ይወዛወዛል። ወደ ሪራ መንደር ስንጠጋ ቀርከሃ መጣ። የባሌ ጦጣ የምትኖረው እዚህ ነው፤ ምግቧ በአብዛኛው ለጋ የቀርከሃ ቅጠል ነው። አገኘናቸው። ግን ጨለማ ነው። ሹተሩን ካፈጠንኩ ፎቶው ይጠቁራል፣ ካዘገየሁ ጦጣዋ ትደበዝዛለች። ፍላሽ አልተኮስኩም። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጌ ጦጣዎቹን ትቼ ጫካውን አነሣሁ። ከፍሬሙ ጥግ አንድ ጅራት ተንጠልጥሏል። እሱ ይበቃል፤ እዚያ ጫካ ውስጥ ሰው የሚያየው በእውነትም ይህንኑ ነው።

ሪራ ላይ የጋሼ ዘመድ ቤት ገባን። ግድግዳው ቀርከሃ ነው። እናትየው ቅቤ የጠገበ ጩኮና እርጎ አቀረቡ። ጾም ነን ስንላቸው ቅር ይላቸዋል ብዬ ሰጋሁ። «የእናንተም ጾም ነው እንዴ?» ብለው አነሡትና ከነሰፈፉ ማር፣ የገብስ ቆሎና ቡና አመጡ። ቡናው ከጫካው የተለቀመ ነው፤ ማንም አልተከለውም። ማሩ ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ የወረደ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከምገዛው ጋር ምንም አይገናኝም። ጉሮሮን ይይዛል፣ ጭስ ጭስ ይላል። ሁለት ኪሎ በ1300 ብር ገዛን። ለምሳው ግን ሳንቲም አንቀበልም አሉ።

የእናትየውን ፎቶ ላነሣ ስጠይቅ እሺ አሉ፤ መጀመሪያ ግን ሻሻቸውን ቀየሩ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9. ወደ ቤት

ጋሼን ዲንሾ አወረድናቸው። ገንዘባቸውን ከፈልን፣ ትንሽ ጨመርን። ጨብጠውኝ ሲለዩ «ያቺን ፎቶ ግን ወረቀት ላይ አድርገሽ ላኪልኝ» አሉ። የትኛዋን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። መንገዱ ሰላም ነበር። ማታ 2 ሰዓት አዲስ አበባ ገባን።

ከ1400 በላይ ፎቶ ነው ይዤ የመጣሁት። ስድስቱን አስቀረሁ። ለእናቴ በኮምፒውተር አሳየኋት። የቀበሮውን ፊት «ሲያምር» ብላ አለፈችው። የአጋዘኗና የግልገሏ ላይ ትንሽ ቆየች። እግሩን ያነሣው ላይ ስትደርስ መነጽሯን አደረገች።

«ምን እየጠበቀ ነው?»

ነገርኳት። ፍልፈሉን፣ ወፏን፣ ሁሉንም። «ታዲያ ያዘው?» አለችኝ። አልያዘውም አልኳት። አዘነች፤ ወዲያው ደግሞ ለፍልፈሉ ደስ አላት።

ሁለቱንም አሳተምኳቸው፣ ትልቁን ፊትና እግሩን ያነሣውን። በካርቶን መሐል አሽጌ በሮቤ አውቶቡስ ሾፌር እጅ ላክሁ። በሳምንቱ ጋሼ ደወሉ። ደርሷል። ፊቱን ለትልቁ ልጃቸው ሰጥተውታል፣ ሌላውን ሳሎን ሰቅለውታል።

«ጉድጓዱን አወቅሁት» አሉኝ። «ትናንት በዚያ ሳልፍ አየሁት። አሁንም ትኩስ አፈር አለው።»